በሰዓት ሰባ አምስት

ሰኔ ዐሥራ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ቅጣው ጣርማ በር ላይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የመኪናቸው ጎማ እስኪቀየር ይጠብቁ ነበር። ጋሽ ቅጣው ተሳቢ መኪና መንዳት ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላቸው የመንዝ ሰው ናቸው። ያን ዕለትም ከጅቡቲ ወደብ አራት መቶ ኩንታል ማዳበሪያ ጭነው ወደ መሐል ሜዳ ሲወጡ፣ የደብረ ሲናን ዳገት ጨርሰው እፎይ ሊሉ ሲሉ የተሳቢው የኋላ ጎማ ፈንድቶ ላስቲኩ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ጎሚስታው አጠገቡ ያለውንም ጎማ በመዶሻ መታ መታ አደረገና "ጋሼ፣ ይኼኛውም ብዙ አያስኬድዎትም" ብሎ ሁለቱንም ማውረድ ከጀመረ ሁለት ሰዓት አልፎታል።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ብርድና ጭጋግ ተቀምጦ ዕድሉን ያማርር ነበር። የጋሽ ቅጣው ፊት ግን በርቷል። የልጃቸው የማናለብሽ ባል ባምላኩ ገና አሁን ደውሎላቸዋል። ባምላኩ ለብቻው ተሳቢ ይዞ ጅቡቲ ሲመላለስ ይህ ሁለተኛ ጉዞው ነው፤ እሱም እንደ አማቱ ማዳበሪያ ጭኖ ከኋላ እየመጣ ነው።

"አባባ፣ ሚሌን ለቅቄያለሁ። ዛሬ ቢመሽም መሐል ሜዳ እገባለሁ" አላቸው።

"ጎሽ የእኔ ልጅ! አፋር ሜዳ ላይ ርገጠው፤ እንዳታሳፍረኝ!" ብለው ስልኩን ዘጉ።

አጠገባቸው መኪና የምትጠብቅ አንዲት ወጣት ይህን ሰምታ ቀና አለች። ወፍራም ሹራብ ለብሳ፣ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ አንጠልጥላለች። ወደ እሳቸው ቀረብ ብላ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠች።

"እንደምን አረፈዱ ጋሼ? መንገድዎ ወደ መሐል ሜዳ ከሆነ እስከ ሞላሌ ያደርሱኝ ይሆን? አውቶቡሱ ሞልቶ ጥሎኝ ሄደ።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የመሪጌታ ቴዎፍሎስ። ሀይማኖት እባላለሁ።"

"የቴዎፍሎስ! ከአባትሽ ጋር እኮ ፊደል አብረን የቆጠርን ነን። እሱ ቀጠለበት፣ እኔ መሪ ጨበጥኩ። ግቢ ልጄ፣ ግቢ!"

መኪናው ተነሥቶ በመዘዞ መንገድ ማዝገም ጀመረ። ግራና ቀኙ ለገብስ የታረሰ ማሳ ነው። ጋሽ ቅጣው ጨዋታ ወዳድ ናቸውና ስለ ሥራዋ ጠየቋት። ሀይማኖት መካኒካል ኢንጂነር ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የጭነት ድርጅት፣ መኪኖቹ በየት በየት፣ በስንት ፍጥነት እንደሚሄዱ በኮምፒውተር እየተከታተለች ለሹፌሮች ምክር ትሰጣለች።

"ምክር!" አሉ ጋሽ ቅጣው እየሳቁ። "አንቺ ተሳቢ ነድተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"ታዲያ ምኑን ትመክሪያለሽ?"

"መጀመሪያ እጠይቃለሁ። ከፈቀዱልኝ እርስዎንም ልጠይቅዎት። አፋር ሜዳ ላይ በስንት ይነዳሉ?"

የአገራችን ሹፌር ስለ ፍጥነቱ ሲጠየቅ ስለ ክብሩ የተጠየቀ ይመስለዋል። ጋሽ ቅጣውም ደረታቸውን ነፋ አድርገው "ዘጠና አምስት። ካማረኝ መቶ" አሉ።

"ይኼ የፈነዳው ጎማስ ስንት ጊዜው ነው?"

"ገና አምስት ወሩ። ዕቃው ነው የማይረባ! የዛሬ ጎማ ወረቀት ነው።"

"ዕቃውም ሊሆን ይችላል" አለች ሀይማኖት በእርጋታ። "ግን አራት መቶ ኩንታል የተሸከመ ጎማ በዚያ ሐሩር አስፋልት ላይ በዘጠና አምስት ሲሽከረከር ውስጡ ይበስላል። በፈጠነ ቁጥር ይብስበታል። እዚያ ቆስሎ ነው እዚህ የሞተው።"

ጋሽ ቅጣው በመስታወቱ ወደ ኋላ ጎማቸው አየት አደረጉ። እንዲህ ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

"እሺ ይሁንልሽ። ግን ጊዜ የሚባል ነገር አለ። ገበሬው ሰኔ ገብቶበት ማዳበሪያ እየጠበቀ ነው። እኔ እያዘገምኩ ዘሩ ጊዜው ቢያልፍበት ኩነኔው የማን ነው?"

"ማዳበሪያው ወደብ ላይ ስንት ቀን ቆየ?"

"እሱማ... ሃያ ቀን ተቀምጧል አሉ።"

"ከወደብ እስከዚህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ዘጠና አምስት የሚያስነዳው ምን ያህሉ ነው? ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ከተማውን፣ ኬላውን ይቀንሱልኝ።"

ጋሽ ቅጣው መንገዱን በልባቸው ሄዱበት። ይህን መንገድ እንደ ጓሯቸው ያውቁታልና ለመዋሸት አልሞከሩም። "ቢበዛ ሦስት መቶ" አሉ።

"ሦስት መቶውን በዘጠና አምስት ሲነዱ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በሰባ አምስት ደግሞ አራት ሰዓት። ልዩነቱ ሃምሳ ደቂቃ ነው ጋሼ። ዛሬ ጎማው ጣርማ በር ላይ ስንት ሰዓት አስቀመጠዎት?"

"ሁለት ሰዓት ተኩል" አሉ ጋሽ ቅጣው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ መለስ አሉና "ግን ሞተር ሲፈጥን ነው የሚቀለው። አዝግመሽ ስትነጂ ናፍጣውን ይጠጣዋል" አሉ።

"ከጓሳ ተራራ ሣር ተሸክመው በነፋስ ፊት ሄደው ያውቃሉ?"

"ስንቴ! ልጅነቴ በሙሉ እዚያ አይደል እንዴ ያለቀው?"

"ቀስ ብለው ሲሄዱና ሲሮጡ ሸክሙ አንድ ነው?"

"እንዴት ተደርጎ! ከሮጥሽማ ነፋሱ ሸክሙን ይዞ ወደ ኋላ ይጥልሻል።"

"ይኼ መኪና ደግሞ ግንባሩ የቤት ግድግዳ ያህላል። ፍጥነቱን በሩብ ሲጨምሩ የነፋሱ ግፊት በግማሽ ይጨምራል። ናፍጣው የሚያልቀው ነፋሱን በመግፋት ነው። እኛ ጋ ሰባ አምስት ላይ የቆዩት ሹፌሮች በዚያው ሜዳ ከሃያ ሊትር በላይ ተርፏቸዋል።"

"ታዲያ ስልሳ ለምን አይሆንም? ለምንስ በእግሬ አልሄድም?" አሉ ጋሽ ቅጣው። ቀልዳቸው ቁጣ ነካ አድርጎት ነበር።

ሀይማኖት አልተቀየመችም፤ ከልቧ ሳቀች። "ስልሳማ አይሆንም። ያቺን አረንጓዴ መስመር ያዩዋታል?" ብላ የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን ሰዓት በጣቷ አመለከተች። "ቀስቷ እዚያ ውስጥ ስትሆን ሞተሩ ሳይጨናነቅ ይሠራል። በትልቁ ማርሽ ሰባ አምስት ሲነዱ መሐሏ ላይ ትሆናለች። በጣም ከዘገዩ ማርሽ መቀነስ ይመጣል፣ ያኔ እርስዎ እንዳሉት ናፍጣ ይጠጣል። እኔ ዝግታ አላልኩም ጋሼ፤ ልክ ነው ያልኩት።"

"አውቶቡሶቹስ? እኔ ስዘገይ መታጠፊያ ላይ ሊቀድሙኝ ይወጣሉ።"

"ይኼ እውነት ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል" አለች ልጅቷ። "መንገድ መልቀቅና ርቀት መጠበቅ ነው ያለው፤ ሌላ መድኃኒት የለኝም። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ግመል ድንገት መንገድ ገባ እንበል። ሁለት መኪኖች እኩል አዩትና እኩል ፍሬን ያዙ፤ አንዱ ሰባ አምስት፣ ሌላው ዘጠና አምስት ይነዳል። የሰባ አምስቱ መኪና ቆሞ፣ ሹፌሩ ላቡን በሚጠርግበት ቦታ ላይ ሌላው በስንት እየሄደ ይመስልዎታል?"

"ዐሥር... ዐሥራ አምስት።"

"ከስልሳ በላይ።"

ጋሽ ቅጣው ፊታቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ "ከስልሳ?" አሉ።

"ከስልሳ በላይ፣ ጋሼ። ጽፌ ላሳይዎት እችላለሁ።"

"ተዪው፤ አምኜሻለሁ" አሉ።

ኋላ ጋሽ ቅጣው የጉዳዩን ሥር የሚነካ ነገር ተናገሩ። እስካሁን የተከራከሩበት ጎማውም ናፍጣውም ሽፋን ነበር።

"ስሚኝ ልጄ። እኔ ብቻዬን ብቀንስ ምን ዋጋ አለው? ሁሉም ሲያልፈኝ መሳቂያ ነው የምሆነው።"

"ጓሳ ላይ ሣሩ እንዳይታጨድ ሲከለከል፣ እርስዎ ሳያጭዱ ሲጠብቁ ማን ይስቅብዎት ነበር?"

"ማንም። ሁሉም ይጠብቅ ነበራ! አገር ቃል ገብቶ።"

"ታዲያ የሚስቁብዎት ሹፌሮች እነማን ናቸው? ከእነሱ ጋር ቃል መግባት አይቻልም?"

ጋሽ ቅጣው በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ስለ ማኅበራቸው አጫወቷት። የመንዝ ልጆች የሆኑ የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች በየወሩ በዐሥራ ሁለት መሐል ሜዳ ላይ ተሰብስበው የሚካኤልን ጽዋ ይጠጣሉ። ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ ራሳቸው ጋሽ ቅጣው ናቸው። በማኅበሩም አንድ ልማድ አለ። ከወደብ መጨረሻ የደረሰ ሰው በር ላይ ይቀመጣል፤ ጠላ ለሁሉም ይቀዳል፤ እስኪበተኑም ድረስ ማንም በስሙ አይጠራውም፣ ኤሊ ነው የሚባለው። ነገ ሰኔ ሚካኤል ነው። ባምላኩ ባለፈው ወር፣ በመጀመሪያ ማኅበሩ፣ በር ላይ ተቀምጦ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ዛሬ ዳግመኛ ኤሊ ላለመሆን ነው ከሚሌ እየበረረ የሚመጣው።

"ይኼን ልማድ ማን አመጣው?" አለች ሀይማኖት።

"እኔ" አሉ ጋሽ ቅጣው። "የዛሬ ሃያ ዓመት። ለሳቅ ነበር።"

ልጅቷ አንዲትም ቃል አልጨመረችም። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ማሸነፉን ሲያውቅ አፉን መዝጋት ያቅተዋል። ሀይማኖት ግን መስኮቱን እያየች ሽማግሌውን ከራሳቸው ጋር ተወቻቸው።

ጋሽ ቅጣው የሚያስቡት ጌጡን ነበር። ጌጡ የማኅበራቸው አባል፣ ሳቂታ፣ ቁመተ ሎጋ ሰው ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ሲሮጥ አፋር ሜዳ ላይ ተገልብጦ ሞተ። በለቅሶው ላይ ጋሽ ቅጣው "ቀኑ ደርሶ ነው" እያሉ ሚስቱን ጌታነሽን አጽናንተው ነበር። ያን ቃል አራት ዓመት ሙሉ ራሳቸውም አምነውት ኖረዋል። አሁን ግን ከስልሳ በላይ የሚለው የልጅቷ ነገር ከውስጣቸው አልወጣ አለ።

ሞላሌ ሲደርሱ መኪናውን ዳር አስያዙና ስልካቸውን አወጡ። ሁለት ጊዜ አልሠራም። በሦስተኛው ባምላኩ አነሣ።

"አባባ! ሰላም ነው?"

"መጀመሪያ ዳር ያዝና ቁም። ቆምክ? አሁን በስንት ነው የምትመጣው?"

"አያስቡ አባባ፤ ከዘጠና አላወረድኳትም።"

"አውርዳት። ሰባ አምስት። ከዚያ እንዳታልፍ። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ እደር።"

ባምላኩ ሳቀ። "እየፈተኑኝ ነው እንዴ? እኔ ነገ በር ላይ አልቀመጥም።"

"አልፈተንኩህም ልጄ። ጎማውም ይበስላል፣ ነፋሱም... ነፋሱን የምታስረዳህ እዚህ አጠገቤ አለች።" ጋሽ ቅጣው የሰሙትን ሁሉ በአንዴ ሊናገሩ ሞከሩና ተደነባበረባቸው። አማቹ አላመናቸውም። እስከ ዛሬ ጠዋት ርገጠው ሲሉት የኖሩ ሰው አሁን አውርድ ሲሉት እንዴት ይመን?

"አባባ፣ እርስዎ አንድ ቀን በሰባ አምስት ነድተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አሉ ጋሽ ቅጣው። "ጌጡን ግን ቀብሬያለሁ።"

"ጌጡማ ቀኑ ደርሶ ነው ይሉ አልነበር?"

"እል ነበር" አሉ ጋሽ ቅጣው። "ቀኑ አልደረሰም ነበር ባምላኩ። እኛ ነን ያስቸኮልነው። ከእኛም እኔ። ሰማኸኝ? ባምላኩ?"

ስልኩ ተቋርጦ ነበር። ደጋግመው ሞከሩ፤ መስመር የለም። ቃላቸው ይድረሰው አይድረሰው አላወቁም። ሀይማኖት ከመኪናው ወርዳ መንገዱ ዳር ቆማ ነበርና "ሰምቷል ጋሼ፣ ይሰማል" አለቻቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ማኅበሩ በጌታነሽ ቤት ተሰበሰበ። ከጌጡ ሞት በኋላ በእሱ ቦታ ጽዋውን የምትጠጣ እሷ ናት፤ የሰኔው ተራም የእሷ ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሁሉም በቦታው ሲቀመጥ ባምላኩ ብቻ የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ማናለብሽ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወጥ እያወጣች በየደቂቃው ወደ ደጅ ትመለከታለች። ጋሽ ቅጣው የልጃቸውን ዓይን ማየት ፈሩ።

ቢሆንም ተነሥተው ተናገሩ። ከሀይማኖት የሰሙትን፣ አሁን ረጋ ብለው፣ ሃምሳ ደቂቃውንም፣ ጎማውንም፣ የሁለቱን መኪኖች ነገርም አስረዱ። በር ላይ የማስቀመጥ ልማድ ዛሬ ይቅር፣ በሜዳው ላይም ከሰባ አምስት ላለማለፍ በሚካኤል ፊት ቃል እንግባ አሉ።

ወንድምአገኝ የሚባል ጎበዝ ሹፌር ሳቅ አለና "ጋሽ ቅጣው እያረጁ ነው መሰለኝ። እኛ ስንት ዓመት የነዳነውን አንዲት ልጅ በወረቀት ታስቀይረን?" አለ። አንዳንዶቹ አብረው ሳቁ። "ደግሞስ በር ላይ መቀመጥ ጨዋታ ነው፤ ማንን ይጎዳል?"

ጋሽ ቅጣው መልስ ሊሰጡ ሲሉ ጌታነሽ የጠላውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠች።

"ወንድምአገኝ" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። "ጌጡ የዚያን ቀን ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። 'ዛሬ ማንም ኤሊ አይለኝም' ነው ያለኝ። ሌላ አልተነጋገርንም። እኔ በር ላይ የሚቀመጥ ባል ይሻለኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን እዚያ ቢቀመጥልኝ።"

ወንድምአገኝ አንገቱን ደፋ፤ ቆይቶም "እኔ ቃል እገባለሁ" አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

እዚህ ላይ ኋላ የሆነውን አስቀድመን ብንናገር ደግ ነው። ያ ቃል ጸንቷል። ከዚያ ክረምት እስከ ጥቅምት ድረስ የማኅበሩ ዐሥራ ሦስት ሹፌሮች ጎማ በመንገድ ላይ የፈነዳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድሮ በየጉዞው የሚጠበቅ ነገር ነበር። ከናፍጣው የተረፈው የልጆች ደብተር ገዝቷል። ወገቡን ያማርር የነበረው ወንድምአገኝ እንኳ "ከመሪው ላይ ስወርድ ሰው ሆኜ ነው" ማለት ጀምሯል። ሀይማኖትም ሁለት ጊዜ በማኅበሩ ተጠርታ መጥታ፣ ሹፌሮቹ በጥያቄ ላብ በላብ አድርገዋት፣ ከእነሱም የተማረችውን ጽፋ ሄዳለች። ማኅበርተኛው ዛሬም የሚቀመጠው በዕድሜው ነው፤ መቼ ደረስክ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። ስድስት ሰዓት አለፈ። ስድስት ተኩል ሆነ። ጋሽ ቅጣው ጽዋውን ይዘው መጠጣት አልቻሉም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ከቁልቁል የከባድ መኪና ሞተር ተሰማ። ማናለብሽ ማማሰያውን እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ባምላኩ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ነበር። ሸዋ ሮቢት አድሮ መጨረሻ መድረሱን ያውቃልና ማንንም ሳያይ በሩ ሥር ሊቀመጥ ጉልበቱን አጠፈ።

ጋሽ ቅጣው ብድግ አሉ። ሙሴያቸው ለልጅ ሲነሣ ያየ የለምና ማኅበሩ በሙሉ አብሮ ተነሣ። እጁን ይዘው ወስደው ከጎናቸው አስቀመጡት፤ ጌታነሽም በእጇ ቀዳችለት።

ከወደብ የመጣ ሹፌር ሁልጊዜ የሚያወራው አያጣም። ለጥቂት የሳተው ግመል፣ አልይዝ ያለው ፍሬን፣ ሳያስበው የቀደመው አውቶቡስ፤ የማኅበሩ ጨዋታ ይኸው ነው። ወንድምአገኝ ይህን ጠብቆ "እሺ ባምላኩ፣ መንገድ ላይ ምን ገጠመህ? አጫውተን እንጂ" አለው።

ባምላኩ አሰበ። ግራ የገባውም መሰለ።

"ምንም" አለ። "እውነቴን ነው፣ ምንም አልገጠመኝም።"

ጋሽ ቅጣው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አለቀሱ።